ከዘፈኑ በፊት ክፍፍሉ፦ ሁሉም ለየብቻው የሚጽፍበት ባንድ

ስሎን የሚባለው የካናዳ ባንድ በ1991 ሃሊፋክስ ከተማ ውስጥ ሲመሠረት የነበሩት አራት ሰዎች ዛሬም እነዚያው ናቸው። የውጭዎቹን ዓመቶች በእነሱው አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ክሪስ መርፊ ቤዝ፣ ጄይ ፈርግሰንና ፓትሪክ ፔንትላንድ ጊታር፣ አንድሩ ስኮት ድራም። አራቱም ዘፈን ይጽፋሉ፤ የጻፈው ራሱ ይዘፍነዋል። ስለዚህ ዘፈኑ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሽፋኑን ማገላበጥ አያስፈልግም፣ ድምፁን መለየት ይበቃል። ተሰብስበው በጋራ የሚጽፉ አይደሉም፤ እያንዳንዱ በየቤቱ ጽፎ ይዞ ይመጣል።

ሠላሳ ዓመት አልፎ አንድም ሰው ያልቀየረ ባንድ ብርቅ ነው፤ አራት ደራሲ ይዞ መቆየት ደግሞ ከብርቅም በላይ። ያቆያቸው መዋደዳቸው ነው የሚል ካለ አልከራከርም። እኔ የማምነው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ዘፈኑን ማንም ይጻፈው ማን፣ የደራሲነቱ ገቢ ለአራት እኩል ይካፈላል። ሬዲዮ ላይ የወጣው የአንዱ ዘፈን ቢሆንም ብሩ የአራቱም ነው። ልምምድ ላይ አንዱ ለሌላው ዘፈን ጥሩ የቤዝ መስመር ሲያወጣለት ለራሱም እየሠራ ነው።

ተቃራኒውን ለማየት የብሪታኒያውን ባንድ ባድፊንገርን መመልከት ነው። ፒት ሃምና ቶም ኢቫንስ ለየብቻ ጀምረው ያልጨረሷቸው ሁለት ዘፈኖች ነበሯቸው። የሃምን አንጓ ከኢቫንስ አዝማች ጋር ገጥመው በ1970 «ዊዝአውት ዩ» ብለው አወጡት። ሃሪ ኒልሰን እንደገና ሲዘፍነው በ1972 አሜሪካም እንግሊዝም አንደኛ ወጣ። የዚያ ዘፈን ገቢ ለማን ነው የሚለው ጭቅጭቅ የባንዱን ሰዎች ለዓመታት አናቆረ፤ ሁለቱ ደራሲዎች ካረፉም በኋላ አልበረደም። ዘፈኑ ሲገጠም ስለ ገንዘቡ ማንም አላሰበም፤ ማን ያስባል?

ስሎኖች የሚጫወቱት ፓወር ፖፕ የሚባለው የሮክ ዓይነት ራሱ ብዙ ደራሲ የሚፈልግ ሙዚቃ ነው። ዘፈኑ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አይርቅም፣ አዝማቹ አንድ ደቂቃ ሳይደርስ ይገባል፣ ጊታሩ ይጮኻል፣ ድምፆቹ ተደራርበው ይዘፍናሉ። በረጅም ሶሎ ወይም በድምፃዊው ጉሮሮ የሚሸፈን ቦታ የለውም፤ ዜማው ጆሮ ላይ ካልቀረ ዘፈኑ የለም ማለት ነው። ለአንድ አልበም 12 እንዲህ ያለ ዜማ ከአንድ ሰው መጠበቅ ሰውየውን ማድረቅ ነው። ከአራት ሰው ሦስት ሦስት መጠበቅ ግን ይቻላል።

እዚህ ጎንደር ይህ እንግዳ ነገር መምሰል አልነበረበትም። አዝማሪው ግጥሙም፣ ዜማውም፣ አጃቢውም ራሱ ነው፤ ታዳሚው «ተቀበል!» ሲለው ደግሞ የሰው ስንኝ በራሱ ዜማ ይመልሳል። ከአዝማሪ ቤት ስንወጣ ነው ሥራው የተከፋፈለው፦ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ባንዱ አጃቢ ሆነ። ሮሃ ባንድ ስንቱን ድምፃዊ አጅቧል፤ ካሴቱ የሚሸጠው ግን በድምፃዊው ስም ነበር። በዚህ ልማድ ያደገ ድራመር ዘፈን ጻፍ ሲባል «እኔ ምን አገባኝ» ማለቱ አይገርምም። ጎንደር ላይ አራት ደራሲ ያለው ባንድ ለማቋቋም የመጀመሪያው ሥራ ድራመሩን ማሳመን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ።

ዘፈን ይዞ ወደ ልምምድ የሚመጣ ሰው አንድ ቀረጻና አንድ ገጽ ወረቀት ይያዝ። ለቀረጻው ስልክ ይበቃል። ስልኩን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፣ የእግር ምታችሁንም አብሮ ይቀዳል፤ የታጠፈ ጋቢ ላይ ይሁን። ከአፋችሁ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ አድርጉትና ከጊታሩ ይልቅ ወደ አፋችሁ ያድላ፤ ጊታሩ ሲያይል ግጥሙ አይሰማም፣ ሌሎቹም የመሰላቸውን ቃል ይዘው ይለማመዳሉ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ስሙ እንጂ በስፒከር አትክፈቱት። ሲላክ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አይሁን፤ ይጨመቅና የቤዙ ነገር ይጠፋል። በፋይል ይላክ። የፋይሉ ስምም «አዲስ 2» ሳይሆን ርእሱን፣ የጸሐፊውን ስም፣ ፍጥነቱንና ቅኝቱን የያዘ ይሁን። ከሁለት ወር በኋላ አርባ «አዲስ» ይኖራችኋል።

ወረቀቱ ላይ ፍጥነቱ፣ ቅኝቱና መነሻ ድምፁ፣ የየክፍሉ የባር (የምት ምድብ) ብዛትና ተቀባዮች የሚገቡበት ቦታ ይጻፍ። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን መጨረሻው መስመር ነው፦ ጸሐፊው ገና ያልቆረጠው ነገር። «መሸጋገሪያው ላይ ኮርዱ አላማረኝም» ብሎ የጻፈ ሰው ሌሎቹን ለሥራ ጋብዟል። ይህ መስመር ከሌለ ሌሎቹ የሚነካውንና የማይነካውን መለየት ስለማይችሉ፣ ወይ ዝም ይላሉ ወይ ደህናውን ያፈርሳሉ።

ምን ያህል አልቆ ይምጣ የሚለው ያከራክራል። በኪቦርድ ድራሙን፣ ቤዙን፣ ሁሉን ሞልቶ የሚያመጣ ሰው ባንዱን ቀድቶ የሚጫወት ማሽን ያደርገዋል፤ ከዚያ ደግሞ «ስሜት የላችሁም» ይላል። በድምፅና በአንድ ጊታር ብቻ የመጣ ዘፈን ለሌሎቹ ቦታ ይተዋል። ይሁንና ዘፈኑ የቆመው በአንድ የጊታር ሐረግ ላይ ከሆነ፣ ሐረጓ አልቃ ትምጣ። ስሎኖች ራሳቸው ስቱዲዮ ውስጥ አንዳንዱን ዘፈን ጸሐፊው አብዛኛውን መሣሪያ ብቻውን እየተጫወተ ይቀዱታል፤ ባንድ ነን ብለው ሁሉም ሁሉ ላይ ይኑር አላሉም።

የባሩን ነገር በቁጥር ላሳይ። በደቂቃ 140 ምት ፍጥነት፣ አራት ምት ባለው ባር፦ መግቢያ 4፣ አንጓ 16፣ አዝማች 8፣ አንጓ 16፣ አዝማች 8፣ መሸጋገሪያ 8፣ ጊታር 8፣ አዝማች ሁለት ጊዜ 16፣ መዝጊያ 4። ድምሩ 88 ባር ነው፤ 352 ምት፣ ሁለት ደቂቃ ከ31 ሰከንድ። አዝማቹ ከ20 ባር በኋላ፣ በ34ኛው ሰከንድ ገደማ ይገባል። እኛ ጋ የሚለመደው ረጅም መግቢያ፣ በኪቦርድ 16 ባር ዜማውን መጫወት፣ እዚህ ላይ ዘፈኑን ይገድለዋል።

አማርኛው ራሱ የሚጠይቀው ቦታ አለ። ወል ቤት በስንኝ 12 ቀለም አለው፣ ስድስት ስድስት ሆኖ የሚሰበር። ሰንጎ መገን 10 ነው፣ አምስት አምስት። ሁለት ባር ውስጥ 16 ግማሽ ምት አለ። አንድ ቀለም ለአንድ ግማሽ ምት ከሰጣችሁ፣ ወል ቤት 12ቱን በልቶ ሁለት ምት ብቻ ያተርፋል፤ ለትንፋሽ ይበቃል፣ ለጊታር መልስ ግን ይጠባል። ሰንጎ መገን ሦስት ምት ያተርፋል፤ ተቀባዮች እዚያ ላይ ይገባሉ። ስለዚህ አንጓውን በወል ቤት፣ አዝማቹን በሰንጎ መገን መጻፍ ያዋጣል፤ ዘፋኙ ታሪኩን አንጓው ላይ ያወራል፣ አዝማቹ ላይ ቦታ ይለቃል። ቀለም ስትቆጥሩ በፊደል አትቁጠሩ፤ ሳድሱ የሚዋጥበት ቦታ አለ። በአፋችሁ እያላችሁ በጣት ቁጠሩ።

ከአራቱ አንዱ ሳያስበው በችክችካ ይጽፋል፤ ይህ የማይቀር ነው። ችክችካ ስድስት በስምንት ነው፣ ድራመሩ ቀጥ ያለ አራት ምት ሲገባበት ግጥሙ ያነክሳል። ብዙ ባንድ ድራሙን ብቻ ቀይሮ ሊያልፍ ይሞክራል፤ አይሆንም፣ ቃሉ የሚያርፍበት ቦታ ተለውጧልና ዜማው እንደገና መጻፍ አለበት። ካልሆነ እንዳለ ይተው። በአንድ መድረክ ከሚቀርብ 13 ዘፈን ውስጥ ሁለት ችክችካ ቢኖር ጎንደር ላይ የሚቀየም ሰው የለም፤ እንዲያውም እስክስታው የሚነሳው እነዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ተቀባዮቹ። የፓወር ፖፕ ድርብ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛ ርቀት ነው፤ ዘፋኙ ዶ ሲል ሁለተኛው ሚ ይላል። በትዝታ ሜጀር ይህን እንዳለ ስትገለብጡት ችግር ይመጣል። ቅኝቱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ለሬ ሦስተኛው ፋ ነው፣ ለሶል ደግሞ ሲ፤ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። እነሱ ሲገቡ ትዝታው ትዝታ መሆኑን ያቆማል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር በፒያኖ የታጀበ ይመስላል። መፍትሔው በቅኝቱ ውስጥ አንድ ድምፅ እየዘለሉ መሄድ ነው፦ ለዶ ሚ፣ ለሬ ሶል፣ ለሚ ላ፣ ለሶል ላይኛው ዶ፣ ለላ ላይኛው ሬ። ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም አራተኛ ርቀት ሆነዋል። ድምፁ ከስሎኖቹ ይልቅ ክፍት ይላል፣ ትንሽም ይደርቃል፤ ጥሩ ነው፣ የእኛ ነው።

ባቲ ሜጀር ላይ ግን ይህ ዘዴ አንድ ቦታ ያጣላል። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ለፋ አንድ ዘሎ ያለው ሲ ነው፤ ፋና ሲ አብረው ሲዘፈኑ ይቧጨራሉ። ዘፋኙ ፋ ላይ ሲያርፍ ሁለተኛው ሰው ላይኛውን ዶ ይያዝ፣ ወይም ሁለቱም ፋን ይዘፍኑ። ሌሎቹ ደህና ናቸው።

ኮርዱም (አብረው የሚመቱት ድምፆች) እንዲሁ። በትዝታ ሜጀር ውስጥ ሙሉ ሆነው የሚገኙት የዶ ሜጀርና የላ ማይነር ብቻ ናቸው። ጊታሪስቱ በልማድ ሶል ሜጀር ሲመታ በውስጧ ሲ አለች፤ ዘፋኙ ባይዘፍናትም ትሰማለች። ሶልና ሬን ብቻ፣ መሐሉን ትቶ ይምታ፤ ሬና ላም እንዲሁ። የተዛባ ድምፅ ያለው ጊታር ላይ ደግሞ መሐሉ የወጣለት ኮርድ ይበልጥ ጥርት ይላል፣ ስለዚህ በሁለት በኩል አተረፋችሁ። ይህን ሁሉ መርሳት የሚፈልግ ጸሐፊ ቅኝቱን ትቶ በተራ ሜጀር ይጻፍ፤ መብቱ ነው፣ ግን ወረቀቱ ላይ ያስታውቅ።

የትኛው ዘፈን ይገባል? እኩል ድርሻ ካላችሁ የአንዱ ሦስተኛ ዘፈን ደካማ ሆኖ ይገባል። ድምፅ ከሰጣችሁ ዓይን አፋሩ ሁሌም ይሸነፋል። እኔ የማምንበት ቅልቅሉን ነው፦ ሁሉም እኩል ብዛት ያለው ዘፈን ለልምምድ ያቅርብ፤ የሚቀዳውን ሌሎቹ ይምረጡ፣ ባለቤቱ በራሱ ዘፈን ላይ ድምፅ አይስጥ፤ ማንም ግን ከአንድ በታች አይቅር። የግላስጎው ባንድ ቲንኤጅ ፋንክለብ፣ ሦስት ደራሲ በነበራቸው ጊዜ፣ በ2016 ያወጡት አልበም 12 ዘፈን ነበረው፣ ለእያንዳንዱ አራት አራት። ስሎኖች በ2014 ሌላ መንገድ ሞከሩ፤ ሁለት ሸክላ ያለው አልበም አራት ገጽ አለው፣ ለሰው አንድ ገጽ። በገጹ ላይ የፈለገውን አደረገ። ፈርግሰንና መርፊ አምስት አምስት ዘፈን፣ ፔንትላንድ አራት፣ ድራመሩ ስኮት ደግሞ ወደ 18 ደቂቃ የሚጠጋ አንድ ዘፈን ብቻ። ድርሻን በዘፈን ቁጥር ሳይሆን በደቂቃ መለካት ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ልምምድ ላይ አንድ ሕግ ይበቃል፦ መጀመሪያ ዘፈኑ ባለቤቱ እንዳለው ሁለት ልምምድ ይጫወት፣ ከዚያ በኋላ አስተያየት ይከፈት፣ የመጨረሻው ቃል የባለቤቱ ይሁን። አስተያየት በመጀመሪያው ቀን ከተከፈተ ዘፈኑ ምን እንደነበረ ሳይታወቅ ይቀየራል።

መድረክ ላይ ትልቁ ራስ ምታት መሣሪያ መቀያየር ነው። ስኮት የራሱን ዘፈን ሲዘፍን ጊታር ይዞ ወደ ፊት ይመጣል፤ መርፊ ድራም ላይ ይቀመጣል፣ ፈርግሰን ቤዙን ይይዛል። ሲያዩት ያምራል፣ ያለ ዝግጅት ግን አዳራሹን ያበርዳል። የድራመሩን ዘፈኖች በየመሐሉ አትበትኗቸው፤ አንድ ላይ ሰብስቧቸው፣ ወደ መሐል፣ ስለዚህ ቅያሪው ሁለት ጊዜ ብቻ ይሆናል፣ መሄጃና መመለሻ። በ45 ደቂቃ 13 ዘፈን ይገባል፤ በአማካይ ሁለት ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ቢሆኑ ወደ 36 ደቂቃ ይወስዳሉ፣ የቀረው ዘጠኝ ደቂቃ ለንግግር፣ ለመቃኘትና ለቅያሪ ነው። የሁለቱም ድራመሮች የወንበር ከፍታ በወንበሩ እግር ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግበት። ቤዙ አንድ ከሆነ ማንጠልጠያው ለሁለቱም ቁመት የሚስማማ ቦታ ላይ ይታሰር፤ መድረክ ላይ ማሳጠርና ማስረዘም የለም። እንደ ስኮት ከድራም ወደ ፊት የሚመጣውን ሰው ጊታሩ ተቃኝቶ ማቆሚያ ላይ ይጠብቀው። ድራም ላይ ሆኖ ለሚቀበለው ሰው ማይኩ ከኋላው በትከሻው ላይ ታጥፎ ይምጣ፤ ከፊቱ ከቆመ ዱላው ይመታዋል። ለዚህ ተቀባይ ሹር ኤስኤም58ን የመሰለ፣ ከፊቱ ያለውን አብልጦ የሚሰማ ማይክ ይሁን፤ ያለዚያ ከድምፁ በላይ ሲምባሉ ይገባበታል።

ማይክ ካነሰ ጸሐፊው ከሁሉ የሚሻለውን ይያዝ፣ ለሁለት ተቀባዮች አንድ ማይክ ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በክራርም፣ በአኩስቲክ ጊታርም፣ በከበሮም የሚሄዱ አራት ዘፈኖች ይኑሯችሁ፣ ከየሰው አንድ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚፈጀው ጊዜ ያን ያህል ነው።

ዓመቱን እንዴት እንደምትከፋፍሉት ደግሞ አገሩ ራሱ ይነግራችኋል። ባንድ የሚበላው ከሰርግ ነው፣ ሰርግ ደግሞ ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል፤ ያኔ የራሳችሁን ዘፈን ለመለማመድ ጊዜ አይገኝም፣ ሰው የሚጠይቀውም የሚያውቀውን ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሥራ ይቀዘቅዛል። መጻፊያው፣ በስልክ መቅጃው እሱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅዳት አይሞከርም፣ ዝናቡ ከድራሙ በላይ ይመታል፤ የከበሮው ቆዳም በእርጥበት ይላላል። ለዚያ ወቅት ግጥም ማረምና ድርብ ድምፅ በጽሑፍ ማውጣት ይቀመጥ።

ወደ ክፍፍሉ ልመለስ፣ ውሉ መጻፍ ያለበት የመጀመሪያው ዘፈን ሳይለማመዱት ነውና። አንድ ገጽ ይበቃል። የመድረክ ገቢ ወጪ ተቀንሶ ለአራት፤ ይህን ሁሉም ይስማማል። የሚያጣላው የደራሲነቱ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የስሎኖቹ ነው፣ ሁሉም ለአራት እኩል። ሁለተኛው ለጸሐፊው ግማሽ፣ ቀሪው ግማሽ እሱንም ጨምሮ ለአራት። ለምሳሌ ከአንድ ዘፈን 8,000 ብር ቢገኝ፣ በመጀመሪያው ሁሉም 2,000 ያገኛል፤ በሁለተኛው ጸሐፊው 5,000፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው 1,000። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሁለተኛው ፍትሐዊ ይመስላል፣ ግን ልምምዱን ወደ ጨረታ ይቀይረዋል፤ ሁሉም የራሱ ዘፈን እንዲቀዳ ይገፋል፣ ለሌላው ዘፈን የሚያወጣውን ሐረግም ለራሱ ይደብቃል።

ገንዘቡ እኩል ተካፈለ ማለት ግን ስሙ ይጥፋ ማለት አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ግጥምና ዜማ በጸሐፊው ስም፣ ቅንብር በባንዱ ስም ይጻፍ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠብቃል፤ የጋራ ሥራ ከሆነ 50ው የሚቆጠረው የመጨረሻው ደራሲ ከሞተ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ የተጻፈው ነገር እናንተን ብቻ ሳይሆን ልጆቻችሁንም ያገኛል።

ሰው ሲለቅ ምን ይሆናል የሚለውም ይግባ። ቲንኤጅ ፋንክለብ ውስጥ ጄራርድ ላቭ በ2018 ሲወጣ ከሦስት ደራሲ አንዱ ነበር የሄደው። እናንተ ጋ ድራመሩ ለሥራ አዲስ አበባ ቢገባ ዘፈኖቹን ሌሎቹ መድረክ ላይ መጫወት ይችላሉ ወይ? ማን ይዘፍናቸዋል? ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ገቢ ድርሻው ይቀጥላል ወይ? እኔ ብሆን ከመውጣቱ በፊት የተቀዳው ሁሉ ለአራት መከፈሉ ይቀጥል፣ ያልተቀዳው ይዞት ይሂድ እላለሁ። የቻናሉ ኢሜይልም በአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ብቻ አይከፈት፤ የሁለት ሰው ቁጥር ይመዝገብበት፣ የይለፍ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ ከውሉ ጋር ይቀመጥ።